ወንበሩ ላይ የተለጠፈ ዋጋ

ኮሜት የሚባለው የእንግሊዝ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር በሁለት ፓውንድ ነው የተሸጠው። ሁለት ሚሊዮን አይደለም፣ ሁለት ሺህም አይደለም። ከ230 በላይ መደብር፣ በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ፣ በየመጋዘኑ የተደረደረ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን፣ ከ1933 ጀምሮ የኖረ ስም፤ ሁሉም በአንድ ላይ በሁለት ፓውንድ።

እንደምን ሰነበታችሁ። እንደምትሰሙት ዛሬ ሰላምታውን እንኳ አላስቀደምኩም። ነገሩ ሳምንቱን ሙሉ ከውስጤ አልወጣም፤ እስቲ ላውጣውና እንየው ብዬ ነው።

ማክሰኞ ዕለት አክስቴን ከዓይን ሐኪም ስመልሳት መንገድ ተዘጋግቶ ነበርና ከሊድስ ወጣ ባለው የገበያ ቦታ በኩል ዞርን። አክስቴን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም፤ ከእኔ ይልቅ የእርሷን ደኅንነት የምትጠይቁ ብዙዎች ናችሁ። ደኅና ናት። የካርቶኖቹም ጉዳይ እንዳለ ነው፤ ዕቃ የመጣበትን ባዶ ካርቶን አንዱንም አልጣለችም፤ በአልጋዋ ሥር ቦታ ስላለቀ አሁን ወደ እኔ ክፍል እየመጡ ነው። እና ያንን ቆርቆሮ የለበሰ ሰፊ ሕንጻ ስናልፍ፣ ዛሬ የሌላ ድርጅት ስም ተሰቅሎበታል፣ አንዱ ዓይኗ በፋሻ እንደተሸፈነ ዘወር ብላ አየችውና፣ «ያ ወንበሩን የሸጡበት ሰውዬ ምን ሆኖ ይሆን?» አለችኝ።

ምን ብዬ ልመልስላት? ስንት ዓመት አልፎታል። ረስታዋለች ብዬ ነበር። እኔም የረሳሁት መስሎኝ ነበር። ቤት አድርሻት ተመልሼ ስለ ኮሜት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሳላስበው ነጋ።

ወደ ሰውዬው እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ያነበብኩትን ልንገራችሁ፤ ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምናገረው።

ኮሜት የተነሣው ሃል ከምትባለው የወደብ ከተማ ነው። ጆርጅ ሆሊንግቤሪ የሚባል ሰው በ1933 «ኮሜት ባትሪ ስቶርስ» ብሎ ከፈተው። ቴሌቪዥን አልነበረም፣ ማጠቢያ አልነበረም፤ ሥራው ባትሪ መሙላት ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ የእንግሊዝ ቤት መብራት አልገባለትም። ራዲዮው የሚሠራው አሲድ ባለበት ከባድ ባትሪ ነው፤ ሲደክም ወስዶ ማስሞላት ግድ ነው። የኮሜት ሰዎች በየሳምንቱ በየቤቱ እየዞሩ ያለቀውን ያነሣሉ፣ የተሞላውን ይተካሉ። በቃ። ያ ሁሉ መደብር የተወለደው ከዚህች አገልግሎት ነው።

ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። የራዲዮዋ ድንጋይ ሲደክም አውጥታ እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር። መልሳ ስታስገባው ራዲዮው ትንሽ ይንተባተብና መናገር ይጀምራል፤ የማታው የሁለት ሰዓት ዜና እስኪያልቅ ከቆየላት ይበቃታል። ከዚያ በላይ አትጠብቅም። አንድ ሰው በየሳምንቱ በሯን አንኳኩቶ የተሞላ ድንጋይ ቢሰጣት ኖሮ ስሙን በጸሎቷ ታነሣው ነበር፤ እውነቴን ነው። ስለዚህ ያንን የሃል ሰውዬ ወደድኩት። ፎቶግራፉን አላየሁም፤ ግን ወደድኩት።

ሃል ራሷ ደግሞ የተለየች ከተማ ናት። ለሠርግ ሄጄ አውቃታለሁ። የስልክ ዳሶቿ እንደሌላው እንግሊዝ ቀይ አይደሉም፤ ክሬም ናቸው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ስልኳን የምታስተዳድረው በራሷ ማዘጋጃ ቤት ስለነበረ ነው። ለንደን እንዲህ አድርጉ ስትል ሃል የራሷን ታደርጋለች። ሙሽሪት እንኳ፣ የሃል ልጅ ናት፣ ይህንን በኩራት ነበር የነገረችን። ምን ልል ነበር? አዎ፣ ስለ ልጁ።

ጆርጅ ሲሞት ልጁ ማይክል በ1958 ተረከበ። ያን ጊዜ ብሪታንያ ውስጥ የብዙ ዕቃ ዋጋ የሚወስነው ፋብሪካው ነበር። አንድ ባለሱቅ ራዲዮ ቀንሶ ልሽጥ ቢል ፋብሪካው ዕቃ ይከለክለዋል። ስለዚህ የትም ብትሄዱ ዋጋው ያው ነው። በ1964 ኤድዋርድ ሂዝ፣ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው፣ ያን ጊዜ የንግድ ሚኒስትር ነበር፤ የገዛ ፓርቲው ሰዎች እየተቃወሙት ያንን አሠራር የሚሽር ሕግ አጸደቀ። ብዙ ትንንሽ ባለሱቆች እንጠፋለን ብለው ጮኹ። ብዙዎቹም ጠፉ። ይህንን ሳነብ ቆም አልኩ፤ ምክንያቱም እኔ ለኮሜት ላዝን ነው የተቀመጥኩት፤ ኮሜት ደግሞ ያደገው እነርሱ በወደቁበት ቦታ ላይ ነው። ለእነርሱስ ማን አዘነላቸው? እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

የሆነ ሆኖ በ1968 ኮሜት ሃል ላይ የመጀመሪያውን የቅናሽ መጋዘን ከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከተማ መሀል ኪራይ ውድ ነው፤ ማቀዝቀዣ ተሸክሞ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ደግሞ የለም። ከከተማ ወጣ ሲባል ግን መሬቱ ርካሽ ነው፣ መኪና ማቆሚያው ሰፊ ነው፣ ዕቃውም እዚያው ተከምሯል። ዋጋውን በጋዜጣ ይዘረዝራሉ፤ ሰው መኪናውን አስነሥቶ ይመጣል፤ ካርቶኑን ጭኖ ይሄዳል። በ1972 አክሲዮን ገበያ ገባ። በ1984 ዎልዎርዝ ሆልዲንግስ ገዛው፤ ኋላ ኪንግፊሸር የተባለው ነው። ከኪንግፊሸር ደግሞ በ2003 ኬሳ የሚባል ድርጅት ተከፍሎ ወጣና ኮሜትን ይዞት ሄደ። ከእጅ ወደ እጅ። አስተውሉ፤ ከሃል እየራቀ፣ እየራቀ ነው የሚሄደው።

የእኛም ሰው መደብሩን በደንብ ያውቀው ነበር። አገር ቤት ዕቃ የሚልክ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ይገናኝ ነበር። የዚህ አገር ኤሌክትሪክና የአገር ቤቱ ስለሚቀራረቡ ሶኬቱን ብቻ መቀየር ነው፤ አሜሪካ ያላችሁት ግን ትራንስፎርመር ካልገዛችሁ ዕቃው ይቃጠልባችኋል። አክስቴ ማቀዝቀዣዎቹ ፊት ትቆምና አንድ በአንድ ትከፍት፣ ትዘጋ ነበር። በሩ ሲገጥም የሚያሰማውን ድምፅ ነበር የምታዳምጠው። ላስቲኩ ደኅና ከሆነ ድምፁ ወፈር ይላል ትላለች። እኔ ዋጋ አያለሁ፣ እርሷ በር ትዘጋ ነበር። ሻጮቹ አንድም ቀን ተቆጥተዋት አያውቁም።

እንዴት ወደቀ? አንድ ምክንያት የለውም። ሰው መደብር ሄዶ ቴሌቪዥኑን በዓይኑ ያይና ቤቱ ተመልሶ በኢንተርኔት በርካሽ ያዝዛል። የምግብ ገበያዎቹ ሳይቀሩ ቴሌቪዥን መሸጥ ጀመሩ። የጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ዋጋ በየዓመቱ ሲወርድ ከአንዱ ላይ የሚገኘው ትርፍ ቀጠነ። በብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች ደግሞ ትርፉ ከዕቃው ይልቅ ከተጨማሪው ዋስትና ላይ ነበር። ታስታውሳላችሁ፣ ከፍላችሁ ልትወጡ ስትሉ «ለአምስት ዓመት ዋስትና ላድርግልዎ?» የሚሉት። የዚያ ዋስትና አሸጣጥ በ2003 የውድድር ኮሚሽኑ መርምሮት ከዚያ በኋላ ደንብ ወጣለት። ይህ ሁሉ እያለ 2008 መጣ። ሰው ቤት መግዛት ሲያቆም ምድጃም አይገዛም፣ ማጠቢያም አይገዛም። ቤስት ባይ የሚባለው የአሜሪካ ግዙፍ መደብር እንኳ በ2010 ብሪታንያ ገብቶ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዘግቶ ወጣ። ስለዚህ ጊዜው ለማንም አልሆነም፤ ይህን እቀበላለሁ።

የማልቀበለው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ኬሳ ፈረንሳይ ውስጥ ዳርቲ የሚባል ጥሩ የሚያተርፍ መደብር ነበረው፤ ኮሜት ግን ያከስረዋል። በኖቬምበር 2011 ኮሜትን ኦፕካፒታ ለሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት በሁለት ፓውንድ ሊሸጠው ተስማማ። ሁለት ፓውንድ መቀበሉ ብቻ ቢሆን ምንም አልልም፤ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ደግሞ ከኮሜት ጋር ደርቦ ሰጠ። ውሰዱልኝ ነው ነገሩ። የጡረታውን ዕዳ ኬሳ ለራሱ አስቀርቷል፤ ይህንን ለሐቅ ስል እናገራለሁ። ሽያጩ በፌብሩዋሪ 2012 አለቀ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 2 ላይ ኮሜት እጁን ሰጠ፤ ዴሎይት የሚባለው የሒሳብ ድርጅት ሰዎች የከሠረውን ድርጅት ሊያስተዳድሩ ተረከቡት። ስንት ወር ነው? ዘጠኝ ወር እንኳ በቅጡ አልሞላም። መጨረሻ ላይ የተነቀነቀው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ለዕቃ አቅራቢዎች የብድር ዋስትና የሚሰጡ መድን ድርጅቶች ዋስትናቸውን አነሡ። አቅራቢዎቹ በፊት ዕቃ ሰጥተው ቆይተው ይከፈላቸው ነበር፤ አሁን ቅድሚያ ክፈሉን አሉ። ገና ሊመጣ ነው፣ መጋዘን መሙላት አለበት፣ ገንዘቡ የለም።

እሺ። ሰውዬው።

ዲሴምበር 2012 ነው። አክስቴ ማጠቢያ ማሽኗ ተበላሽቶባት ነበርና፣ «እየዘጉ ነው አሉ፣ ሄደን እንይ» አለችኝ። ስንገባ መደብሩ ግማሹ ባዶ ነው። የሚሸጠው ዕቃ ብቻ አይደለም ዋጋ የተለጠፈበት፤ መደርደሪያዎቹ ላይ፣ መሰላሉ ላይ፣ ዕቃ መግፊያው ጋሪ ላይ፣ ሁሉም ላይ ቢጫ ወረቀት አለ። አንድ ማይክሮዌቭ አየሁ፤ ውስጡ የወጥ ፍንጣቂ አለበት። ሠራተኞቹ ምሳቸውን የሚያሞቁበት ነው። እርሱም ዋጋ አለው።

አንድ ማጠቢያ ማሽን ቀርቷል፤ ለማሳያ የቆመው። ካርቶን የለውም። ካርቶን የሌለው ዕቃ ለአክስቴ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ያን ቀን ግን ምንም አላለችም። ሰውዬው መጣ። ሃምሳውን የዘለለ፣ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ የስም መለያው ደረቱ ላይ ያለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነው። ሸሚዙ መተኮሱን አክስቴ ናት ያየችው። «ትንሽ ይጠብቁኝ» አለና ወደ ጓዳ ገባ፤ ቆይቶ አራት ረጃጅም ብሎኖች በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣ። ማሽኑ በመኪና ሲሄድ ከበሮው እንዳይወዛወዝ ከኋላው የሚታሰሩ ናቸው። ለማሳያ ሲቆም ተፈትተው ነበርና ፈልጎ አገኛቸው። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ አንድ በአንድ ራሱ አጠበቃቸው። «ቤት ስትደርሱ ሳታስነሡት በፊት ፍቷቸው፤ ከረሳችሁ ማሽኑ ወጥ ቤቱን ሲዘልበት ይውላል» አለን። ከታች ያለውን ማጣሪያ ከፍቶ እንዴት እንደሚጸዳ አሳየን፤ ስትከፍቱት ውኃ ስለሚፈስ ጎድጓዳ ሳህን ከሥሩ አድርጉ፣ ጨርቅም አዘጋጁ አለን። እኔ ለአክስቴ በአማርኛ እየነገርኳት ነው፤ እርሱ እስክጨርስ ይጠብቃል። አይቸኩልም። ከጥቂት ቀን በኋላ ያ ሕንጻ ይዘጋል፤ እርሱ ግን ስለ ማጣሪያው ሁለት ጊዜ ነው የነገረን።

ከዚያ ደረሰኙን ሊጽፍ ጠረጴዛው ዘንድ ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ተራ የቢሮ ወንበር ነው፤ ጥቁር፣ እጀታው ላይ ቆዳው የተላጠ። መጻፍ ጀመረ። ይህን ጊዜ አንድ ሰው ከነባለቤቱ መጣና፣ «ይህ ወንበር ይሸጣል?» አለው። የተቀመጠበትን። ተቀምጦበት እያለ።

እርሱም ተነሣ። «ልይልዎ» አለ። ወንበሩን አነሣና ገለበጠው፤ ከመቀመጫው ሥር ቢጫ ወረቀት አለ። መነጽሩን አደረገ። «አምስት ፓውንድ» አለ። ገዢው አምስት ፓውንድ ከፈለ፣ አመሰገነ፣ ወንበሩን እየገፋ ሄደ። ጎማው ይጮኻል። ሻጩ ሰውዬም ጎንበስ ብሎ፣ ቆሞ፣ የእኛን ደረሰኝ ከተወበት ቀጠለ።

ይኸው ነው። ሌላ የሆነ ነገር የለም። አልተጮኸም፣ ማንም ማንንም አልሰደበም።

ግን ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት። ሲነሣ ፈገግ ብሎ ነበር ብዬ ነው የማስታውሰው። አክስቴ ደግሞ ማክሰኞ ዕለት፣ «ምን ፈገግ ይላል? ፊቱ እንደ ነበረ ነው የነበረው» አለችኝ። ፈገግታውን ለራሴ እንዲቀልለኝ የጨመርኩት ይሆን? ወይስ እርሷ አላየችውም? እርሷ ከጎኑ ነበረች፣ እኔ ከፊቱ ነበርኩ። በዚህ እስከ ቤት ድረስ ተከራከርን።

ሌላው፣ ከሁሉ የከበደኝ፣ ወንበሩን ሲገለብጠው ነው። ዋጋ ፍለጋ ጀርባውን አላየም፣ ጎኑን አላየም፤ በቀጥታ ነው የገለበጠው። የት እንዳለ ያውቃል ማለት ነው። ታዲያ ወረቀቱን የለጠፈው ማን ነው? ከበላይ የመጡት ሰዎች ናቸው ብዬ ነበር የማስበው፤ ሠራተኛው ሲገባ ወንበሩ ላይ ዋጋ ለጥፈው ቆዩት ብዬ። አሁን ግን ራሱ ይሆናል እላለሁ። ሁሉም ዕቃ ላይ ለጥፉ ተባሉ፤ እርሱም በተራው የራሱን ወንበር ገልብጦ፣ ደንበኛ እንዳይታየው ከሥሩ ለጠፈበት። እስከ መጨረሻው ቀን ሊቀመጥበት አስቦ ይሆናል። ራሱ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ወይም የተሻለ ነው። ቢያንስ ዋጋውን ያወጣው እርሱ ነው ማለት ነው።

ያኔ ስለ ሁለት ፓውንዱ አላውቅም ነበር። ኋላ ነው የሰማሁት። ወንበሩ አምስት፣ ድርጅቱ ሁለት። ይህን ለሰው ሳወራው ሁሉም ይደነግጣል፤ ግን አነጻጸሩ ራሱ ልክ አይደለም መሰለኝ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ፓውንድ ዋጋ አይደለም፣ ለውሉ ሲባል የተጻፈ ቁጥር ነው። ድርጅቱ ዕዳም ነበረበት፣ የሊዝ ውልም ነበረበት። ስለዚህ… አይ፣ እንዲያም ሆኖ።

አክስቴ ሁለቱንም እጆቿን ዘርግታ ጨበጠችው። «እግዚአብሔር ሌላ ደጅ ይክፈትልህ» አለችው፤ ነገርኩት። አመሰግናለሁ አለ፣ አሁንም አስከትሎ፣ «ብሎኖቹን እንዳትጥሏቸው፣ ቤት ስትቀይሩ ያስፈልጓችኋል» አለን። አልተጣሉም። በየትኛው ካርቶን እንዳሉ ግን እንዳትጠይቁኝ።

የመጨረሻዎቹ መደብሮች ዲሴምበር 18 ተዘጉ። ገና ሊሆን አንድ ሳምንት ሲቀረው። ከዚያ በተከታዩ ጃንዋሪ ሌሎች የታወቁ መደብሮች ተከተሉ፤ ጄሶፕስ ወደቀ፣ ኤችኤምቪ ወደቀ፣ ብሎክበስተር ወደቀ፤ አንዱ የሌላውን ዜና እየሸፈነ ሄደ፤ ኮሜት ተረሳ።

አሁን የምናደድበትን ልናገር። የገዙት ሰዎች ለኮሜት ገንዘብ ያቀረቡት በመያዣ ብድር መልክ ነበር። ድርጅት ሲከስር መያዣ ያለው አበዳሪ ቀድሞ ይወስዳል። ዕቃ ሰጥቶ ያልተከፈለው አቅራቢ ከኋላ ነው። ሠራተኛው ከሥራ ሲሰናበት የሚገባውን ገንዘብ ደግሞ ድርጅቱ ከሌለው መንግሥት ይከፍላል፤ ከግብር ማለት ነው፣ ከእኔም ከአክስቴም። ሕጋዊ ነው። ሕገ ወጥ ነው አላልኩም። የዚያን ጊዜው የንግድ ሚኒስትር ቪንስ ኬብል ምርመራ ይደረግ አለ። በ2014 ደግሞ የሥራ ክርክር ችሎት፣ ሠራተኞቹ ከመባረራቸው በፊት በሕጉ መሠረት አልተማከሩም ብሎ ፈረደላቸው፤ እስከ 90 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሳ፣ በጠቅላላው እስከ 26 ሚሊዮን ፓውንድ ይሆናል ተባለ። እርሱንም የሚከፍለው መንግሥት ነው። ጥፋቱ የሌላ፣ ከፋዩ ሌላ።

ዎልዎርዝስ የሚባለው ሌላው ትልቅ መደብር ሠራተኞች ደግሞ የባሰ ነው የገጠማቸው። ከ800 በላይ መደብሮች በ2009 መጀመሪያ ተዘግተው፣ እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ፣ ከ20 በታች ሠራተኛ ባላቸው መደብሮች ይሠሩ የነበሩት ካሳው ቀረባቸው። እያንዳንዱ መደብር ለብቻው ይቆጠራል ተባለ፤ ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2015 እዚያም አልቀናቸውም። አስቡት፣ አንድ ድርጅት፣ አንድ ዓይነት ሸሚዝ፣ አንድ ቀን ላይ መባረር፤ አንዷ ትልቅ መደብር ውስጥ ስለነበረች ታገኛለች፣ ሌላዋ ትንሽ ከተማ ስለነበረች አታገኝም። ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስል ነበር።

ይህንን ሁሉ ረቡዕ ዕለት ለአክስቴ ነገርኳት። እንደ እኔ ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣችም። ታውቃላችሁ፣ አዲስ አበባ ሱቅ ነበራት። «አንቺ ልጅ፣» አለችኝ፣ «ሱቅ ሲወድቅ ከባለቤቱ በፊት የሚያውቀው ሻጩ ነው። ዕቃው እየሳሳ ሲሄድ፣ አምጪው ሰው በር ላይ ቆሞ ገንዘቡን ካልያዝኩ አላወርድም ሲል፣ ያየዋላ። ሰውዬው ያውቅ ነበር። አውቆ ነው ሸሚዙን የሚተኩሰው።»

እኔ ደግሞ ማወቅና መነገር አንድ አይደሉም አልኳት። ቢያውቅም ሊነግሩት ይገባ ነበር። ቤት የሚከፍል ሰው ነው፣ ልጆች ይኖሩታል፣ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ቢነገረው ሌላ ቦታ ያመለክት ነበር። እርሷም፣ «ሦስት ወር ቀድሞ ቢነገረውና ሁሉም ሥራ ፍለጋ ቢበተን ሱቁ በማግስቱ አይዘጋም ወይ?» አለች። ለዚህ መልስ አላጣሁም፤ አለኝ፣ ማለቴ፣ ሱቁ ለመዳን የሠራተኛው አለማወቅ የሚያስፈልገው ከሆነ ያ ሱቅ… እንዲህ ብዬ ጀመርኩና እርሷ፣ «እሺ ይነገረው፤ ታዲያ ማን ይንገረው?» ብላ አቋረጠችኝ።

ማን ይንገረው? ሕጉ አሠሪው ነው ይላል። እሺ፣ አሠሪው ማን ነበር? ሃል ያሉት? ኬሳ ከሆነ ሸጦ ሄዷል። ኦፕካፒታ ከሆነ እኛ ገንዘብ አቅራቢ ነን፣ አሠሪው ኮሜት ነው ይላል። ኮሜት ደግሞ ከኖቬምበር 2 ጀምሮ በዴሎይት ሰዎች እጅ ነው፤ እነርሱ የመጡት ሊሸጡ ነው። የመደብሩ ኃላፊ እንዳይባል እርሱም ከሚባረሩት አንዱ ነው። እንዲያውም ለእርሱስ ማን ነገረው? ይህንን እያሰብኩ ነው ያለሁት፤ አክስቴ እንዳሸነፈችኝ ቆጥራዋለች፣ እኔ ግን አልተሸነፍኩም፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ኖሮ መሆን አለበት፣ ወረቀት ላይ የፈረመ፣ ስም ያለው ሰው፣ ያንን…